ጄምስ ጆይስ የሚከብደው ለምንድን ነው? ከየትኛው መጽሐፉስ ይጀመራል?

ጠያቂያችን የጻፉት ባጭሩ ይህን ነው፦ «የአየርላንዳዊውን ደራሲ የጄምስ ጆይስን ‹ዩሊሲስ› ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተውኩት። እንግሊዝኛዬ ደካማ አይደለም፤ ሌሎች ልቦለዶችን ያለ ችግር አነባለሁ። መጽሐፉ እውነት እንደሚባለው ታላቅ ነው ወይስ ስሙ ነው የሚያስከብረው? የደራሲውን ሕይወት ማወቅስ ይረዳል? ደግሞስ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስለዚያችው ስለ ደብሊን ከተማ ብቻ የጻፈው ለምንድን ነው?»

በመጀመሪያ ስለ እንግሊዝኛዎ አይስጉ። ሦስተኛው ምዕራፍ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ አንባቢዎችም መጽሐፉን አጥፈው የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ስቲቨን ዴዳለስ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ሳንዲማውንት በተባለ የባሕር ዳርቻ ብቻውን ይንሸራሸራል። የሚሆነው ነገር ከዚህ ብዙም አይዘልም። በጭንቅላቱ ውስጥ ግን አርስቶትል አለ፤ ጥንት የተወገዙ መናፍቃን አሉ፤ የፓሪስ ትዝታ አለ፤ ከሞተች ዓመት ገደማ የሆናት እናቱ አለች። ጆይስ ደግሞ አንዱንም አያስተዋውቀንም።

ጆይስ የከበደው እንቆቅልሽ ስለሚወድ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እንቆቅልሽ ይወዳል፤ አልክድም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። ሰው ብቻውን ሲያስብ ለማንም ማብራሪያ አይሰጥም። መንገድ ላይ እየሄዱ እናትዎ ትዝ ብትልዎት «አምና ያረፈችው እናቴ» ብለው አያስቡም፤ እጇ፣ ድምፅዋ፣ ወይም የተኛችበት ክፍል ሽታ ነው ድንገት የሚመጣብዎ። ጆይስ ይህንኑ እንዳለ ወረቀት ላይ ማስፈር ፈለገ፤ ለዚህ ሲል አንባቢው የለመደውን ማብራሪያ ነፈገው። ማብራሪያውን ግን አልጣለውም፤ ቀደም ባሉት ሁለት መጻሕፍቱ፣ «የደብሊን ሰዎች» በተባሉት አጫጭር ልቦለዶችና «የከያኒው ምስል በወጣትነቱ» በተባለው ልቦለድ ውስጥ ይገኛል። ስቲቨን የሁለተኛው መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። «ዩሊሲስ» ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ የሚያገኟቸው ሌኔሃን፣ ቦብ ዶራን፣ ማርቲን ከኒንግሃም ደግሞ የአጫጭር ልቦለዶቹ ሰዎች ናቸው። እርስዎ የገቡት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ጨዋታው ከደራ በኋላ እንደሚደርስ እንግዳ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃሉ፣ ማን ማን እንደሆነ የሚነግርዎ ግን የለም። ለዚህ ነው ጆይስን በቅደም ተከተል ያንብቡ የምለው።

ሕይወቱን ማወቅ ይረዳል ወይ ላሉት፣ ስለ ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ብዙም አያስፈልግም እል ነበር። ጆይስ ግን ከኖረው፣ ካየውና ከሰማው ውጭ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ነው። የተወለደው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1882 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በደብሊን ደቡባዊ ዳርቻ ራትጋር በሚባል ደህና ሰፈር ነው። በሕይወት ከተረፉት አሥር ልጆች የመጀመሪያው እሱ ነበር። አባቱ ጆን ጆይስ የኮርክ ሰው ነው፤ ርስት ወርሷል፣ ድምፁ ያማረ ዘፋኝ ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፣ መጠጥም አይጠላም። የግብር ሰብሳቢነት ሥራውን በ1890ዎቹ መጀመሪያ ካጣ በኋላ ርስቱ በዕዳ እየተሸጠ አለቀ። ቤተሰቡም ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ በየጊዜውም ወደ ባሰ ሰፈር እየወረደ ኖረ። ልጁ የሀብታሞቹን አዳሪ ትምህርት ቤት ክሎንጎውስን በስድስት ዓመቱ ገብቶ በክፍያ እጦት ለቀቀ። በኋላም ቤልቬዴር የተባለው የኢየሱሳውያን ካህናት ትምህርት ቤት በነጻ ተቀበለው። ስለዚህ ደብሊንን ከላይም ከታችም አወቃት። የባለርስቱን ሳሎንም፣ ዕቃ አስይዘው የሚበደሩትን ሰዎች ወረፋም ያየው በአንድ የልጅነት ዘመን ውስጥ ነው።

የልጅነቱ ትልቁ ጉዳይ የፓርኔል ውድቀት ነው። ቻርለስ ስቱዋርት ፓርኔል በእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ለአየርላንድ የራስ አስተዳደር የሚታገለው ቡድን መሪ ነበር። በ1890 ካገባች ሴት ጋር መኖሩ በፍርድ ቤት የፍቺ ክስ ይፋ ሲወጣ የካቶሊክ ጳጳሳት አወገዙት፣ ፓርቲውም ለሁለት ተከፈለ። እሱም በዓመቱ በ1891 ሞተ። የጆይስ አባት የፓርኔል ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ መሪውን ከከዱት አንዱን የሚነቅፍ ግጥም ሲጽፍ አባትየው በደስታ አሳትሞ ለወዳጆቹ አደለው።

ይህ ታሪክ «የከያኒው ምስል በወጣትነቱ» በሚለው ልቦለድ መጀመሪያ አካባቢ የገና ማዕድ ትዕይንት ሆኖ መጥቷል። በእኔ አስተያየት ጆይስ ከጻፋቸው ሁሉ ለጀማሪ አንባቢ በቀላሉ የሚገባው፣ የሚያስፈራውም ይህ ነው። ትንሹ ስቲቨን ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ገበታ ቀርቧል። የቱርክ ዶሮው ተቆርሷል፣ መረቁ ዞሯል። ወሬው ወደ ፓርኔል ይዞራል፤ ዳንቴ የሚሏት አክራሪ አማኝ ለካህናቱ ትቆማለች፣ አባትየውና እንግዳው ሚስተር ኬሲ ለሞተው መሪያቸው ይቆማሉ። እናትየው ዛሬ እንኳን ተዉት እያለች ትለምናለች። ጩኸቱ ይበረታል፣ ዳንቴ ወንበሯን ገፍታ ትነሳለች፣ በሩን ከኋላዋ ታላትማለች። ሚስተር ኬሲ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ስለ ሞተው ንጉሡ ያለቅሳል። ልጁ ቀና ሲል የአባቱ ዓይኖች እንባ ሞልተው ያያል። ትዕይንቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ማን ልክ እንደሆነ፣ ልጁ ምን እንደተማረ የሚነግረን የለም። የአንድ አገር ፖለቲካ አንድን ቤተሰብ በአንድ ምሳ ላይ እንዴት እንደሚሰነጥቅ ከዚህ የበለጠ የተጻፈ አላውቅም።

ጆይስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በ1902 መጨረሻ ሕክምና እማራለሁ ብሎ ፓሪስ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ተወው። በኤፕሪል 1903 እናቱ በሞት አፋፍ ላይ እንደሆነች የሚገልጽ ቴሌግራም ከአባቱ ደረሰውና ተመለሰ። እናቱ እንዲናዘዝና እንዲቆርብ ለመነችው፤ ሃይማኖቱን ትቶ ነበርና እምቢ አለ። በነሐሴ ስታጣጥር ቤተሰቡ ዙሪያዋን ተንበርክኮ ሲጸልይ እሱና ታናሽ ወንድሙ ስታኒስላውስ አልተንበረከኩም። አጎታቸው ተንበርከኩ ሲላቸውም ቆመው ቀሩ። ያ ጸጸት ነው «ዩሊሲስ» ውስጥ ስቲቨንን ቀኑን ሙሉ የሚከተለው። እርስዎ በቆሙበት ሦስተኛ ምዕራፍ ባሕሩን እያየ የሚያስበው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ይዘው ቢመለሱ ምዕራፉ ሌላ ይሆንብዎታል።

ሃይማኖቱን ተወ ስል የሃይማኖቱ ሥርዓት ከአእምሮው ወጣ ማለቴ አይደለም። «ዩሊሲስ» የሚከፈተው በማላገጥ ቅዳሴ ነው። በክ ሙሊጋን የተባለው የሕክምና ተማሪ ጠዋት የመላጫ ሳህኑን ይዞ፣ መስተዋቱንና ምላጩን አመሳቅሎበት ከስቲቨን ጋር የሚኖርበት ግንብ አናት ላይ ይወጣና ካህኑ ቅዳሴ ሲገባ የሚለውን «ወደ እግዚአብሔር መሠዊያ እገባለሁ» የሚለውን የዳዊት ቃል በላቲን ያዜማል። ይህን ብዙ የዛሬ አውሮፓዊ አንባቢ ከግርጌ ማስታወሻ ካልተነገረው አያየውም። በቅዳሴ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ሳህኑ የጽዋ፣ የመስተዋቱና የምላጩ መመሳቀል የመስቀል ምትክ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። በዚህ በኩል እርስዎ ቅድሚያ አለዎት።

ጁን 10 ቀን 1904 ጆይስ በደብሊን ናሳው ጎዳና ላይ ኖራ ባርናክል የምትባል የጎልዌይ ልጅ አገኘ፤ በአንድ ሆቴል ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ጁን 16 አብረው ወጡ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሳይጋቡ ተያይዘው ከአየርላንድ ወጡ፤ በሕግ የተጋቡት በ1931 ነው። «ዩሊሲስ» የሚሆንባት ብቸኛ ቀን ይህችው ጁን 16 ቀን 1904 ናት። ለሚስቱ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የሰጠ ደራሲ ያለ አይመስለኝም፤ ኖራ ግን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አላነበበችውም ይባላል።

ሄደው የተቀመጡባት ትሪየስት በዚያን ጊዜ የኦስትሪያና ሃንጋሪ መንግሥት ወደብ ነበረች። እዚያ እንግሊዝኛ እያስተማረ አሥር ዓመት ገደማ ኖረ። ጆርጆና ሉቺያ የተባሉት ልጆቹ የተወለዱት እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሲያገኝም አይበረክትለትም። ወንድሙን ስታኒስላውስን ከደብሊን አስመጣና ሸክሙን ጫነበት። ስታኒስላውስ ባይኖር ጆይስ የምንለው ደራሲ ይኖር ነበር ብዬ አላምንም፤ የሚገባውን ምስጋናም በሕይወቱ አላገኘም። ከተማሪዎቹ አንዱ ኤቶሬ ሽሚትስ የተባለ አይሁዳዊ ነጋዴ ነበር፤ ዛሬ ኢታሎ ዝቬቮ በሚለው የብዕር ስሙ ከጣሊያን ታላላቅ ልቦለድ ጸሐፊዎች አንዱ ሆኖ ይታወቃል። ለ«ዩሊሲስ» ዋና ገጸ ባሕርይ ለሊዮፖልድ ብሉም መነሻ ከሆኑት ሰዎች አንዱ እሱ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ። «የደብሊን ሰዎች» አሥራ አምስት አጫጭር ልቦለዶች ናቸው፤ ቋንቋቸው ግልጽ ነው፣ ማንም ያነባቸዋል። የሕትመታቸው ታሪክ ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በእንግሊዝ ሕግ ነውር ወይም ስም አጥፊ ለተባለ ጽሑፍ አታሚውም በወንጀል ይጠየቅ ስለነበር ማተሚያ ቤቶቹ ራሳቸው ሳንሱር ሆነው ነበር። ለንደን ያለው አሳታሚ በ1906 ተዋውሎ አፈገፈገ። ደብሊን ያለው ሁለተኛው አሳታሚ ደግሞ የእውነተኛ መጠጥ ቤቶች ስም መጠራቱንና ስለ ሟቹ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የተባለውን ፈራ። ጆይስ የተባለውን ክፍል በፖስታ አድርጎ በ1911 ለልጃቸው ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ላከ፤ ያስቀይምዎታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ንጉሡ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አስተያየት መስጠት ልማዳቸው እንዳልሆነ ጸሐፊያቸው መለሰ። በ1912 ጆይስ ራሱ ደብሊን መጥቶ ሲከራከር አታሚው የታተመውን ሁሉ አጠፋው፤ ጆይስ በብልሃት ያስቀረው አንድ ቅጂ ብቻ ተረፈ። በዚያው ምሽት ከተማዋን ለቆ ወጣ፤ ዳግመኛ አየርላንድን አልረገጠም። መጽሐፉ በመጨረሻ በ1914 ለንደን ታተመ፤ ያሳተመውም ያው መጀመሪያ ያፈገፈገው አሳታሚ ነው።

ከአሥራ አምስቱ ውስጥ ፋሪንግተን የተባለውን ጸሐፊ የያዘውን ታሪክ እንዲያነቡ አጥብቄ እመክራለሁ። ፋሪንግተን በአንድ የጠበቆች ቢሮ ውል በእጅ የሚገለብጥ ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው ነው። አለቃው በሰው ፊት ያዋርደዋል። የኪስ ሰዓቱን አስይዞ ስድስት ሽልንግ ይበደራል፤ አበዳሪው አምስት ሲለው ስድስት ብሎ ተከራክሮ ነው። ገንዘቡን ከጓደኞቹ ጋር ይጠጣዋል። መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ለጋ እንግሊዛዊ ክንድ ለክንድ ተያይዞ ሁለት ጊዜ ያሸንፈዋል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ እሳቱ ጠፍቷል። ትንሽ ልጁን በዱላ መምታት ይጀምራል። ልጁ ተንበርክኮ «አባዬ አትምታኝ፣ ጸሎተ ማርያም እደግምልሃለሁ» ይላል፤ ደጋግሞ። ታሪኩ በልጁ ቃል ላይ ይቆማል። ውርደት ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚወርድ፣ መጨረሻ ላይም ማን ላይ እንደሚያርፍ አንድም ዓረፍተ ነገር አልተሰበከልንም። ስድስቱ ሽልንግ፣ የጠፋው እሳትና የልጁ ልመና ብቻ ናቸው ያሉት።

የመጽሐፉ መደምደሚያ «ሙታን» ነው፤ በ1907 የተጻፈ። ገብርኤል ኮንሮይ የተባለ የተማረ ሰው በአክስቶቹ የገና ሰሞን ግብዣ ላይ ንግግር አድርጎ፣ ረክቶ፣ ሚስቱን ይዞ ወደ ሆቴል ይገባል። እሷ ግን ግብዣው ላይ የሰማችው አንድ ዘፈን በልጅነቷ ለእሷ ሲል በዝናብ ቆሞ የሞተውን ማይክል ፊውሪን አስታውሷታል። ኖራም በጎልዌይ ሳለች የሚወዳትና በለጋነቱ የሞተ ወጣት ነበር። ጆይስ የሚስቱን የድሮ ሐዘን ወስዶ ራሱን በቀናተኛው ባል ቦታ አስቀምጦ ጻፈው። ሌላ ምንም ባያነቡለት ይህን ያንብቡ።

ሁለተኛው መጽሐፍ «የከያኒው ምስል በወጣትነቱ» በአሜሪካዊው ገጣሚ በዕዝራ ፓውንድ አገናኝነት ከ1914 ጀምሮ በለንደን መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ1916 መጨረሻ ኒው ዮርክ ታተመ። ልዩነቱ ቋንቋው ከልጁ ጋር አብሮ ማደጉ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሕፃን ተረት ነው፤ መጨረሻው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዕለት ማስታወሻ ነው። መሃል ላይ ስለ ገሃነም ረጅም ስብከት አለ፤ አንዳንዱን አንባቢ ያሰለቸዋል፣ እኔ ግን አይዝለሉት እላለሁ፤ ልጁ ምን እንደፈራ ሳይገባዎ ምን እንደጣለ አይገባዎትም። ስቲቨን መጨረሻ ላይ መሣሪያዎቼ ዝምታ፣ ስደትና ብልጠት ናቸው ብሎ ይወጣል። «ዩሊሲስ» ሲከፈት ያ ሁሉ ፉከራ አልሠራለትም፤ ተመልሶ ደብሊን ነው፣ ያገለገለ ሱሪ ለብሶ።

አሁን «ዩሊሲስ»ን ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ለጊዜው ይተዉና ከአራተኛው ይነሱ። ሊዮፖልድ ብሉም የሚገባው እዚያ ነው። 38 ዓመቱ ነው፤ ለጋዜጣ ማስታወቂያ እያሰባሰበ ይኖራል፤ አባቱ ከሃንጋሪ የመጣ አይሁዳዊ ነው። ጠዋት ኤክልስ ጎዳና ቁጥር 7 ባለው ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ለተኛችው ሚስቱ ቁርስ ያሰናዳል። ድመቷ እግሩ ሥር ትዞራለች። ጆይስ የድመቷን ድምፅ ሦስት ጊዜ ይጽፈዋል፤ «ምክግናኦ»፣ ቀጥሎ «ምርክግናኦ»፣ ወተቱ ሲዘገይ ደግሞ «ምርክርግናኦ»። ፍላጎቷ በበረታ ቁጥር አንድ ፊደል ይጨመራል። ብሉም ጎንበስ ብሎ ያያታል፦ ለእሷ ምን እመስላት ይሆን? የግንብ ያህል እረዝም ይሆን? የለም፣ በላዬ መዝለል ትችላለች። እነዚህ ሐሳቦች «ብሎ አሰበ» የሚል ማሰሪያ የላቸውም፤ ጥቅስም የላቸውም። ተራኪው ጎንበስ አለ ይላል፣ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር የብሉም አእምሮ ነው። ይህን ገጽ ቀስ ብለው ካነበቡ የመጽሐፉን አብዛኛውን አሠራር ይዘውታል። ሦስተኛው ምዕራፍም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ የስቲቨን ጭንቅላት በመጻሕፍት የተሞላ፣ የብሉም በድመት፣ በኩላሊትና በሚስቱ የተሞላ መሆኑ ነው።

ከገበያ ኩላሊት ገዝቶ ሲመለስ በሩ ሥር ደብዳቤ ያገኛል። በደማቅ የእጅ ጽሑፍ ለሚስቱ የተላከ ነው፤ ልቡ ቀጥ ይላል። ላኪው ብሌዚዝ ቦይላን ነው፤ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት (በአውሮፓውያኑ በአራት) ቤቱ ይመጣል፣ ለምን እንደሚመጣም ብሉም ያውቃል። ሚስቱ ደብዳቤውን ትራስ ሥር ስትሸጉጠው ያያል። ምንም አይልም። ሻዩን ይቀዳላታል፤ ኩላሊቱ ታች እያረረ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማውን የሚዞረው ቤቱ ላለመግባት ነው። ሩዲ የተባለው ወንድ ልጃቸው በተወለደ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሞተ ወዲህ ትዳሩ አልጠገነም። ይህን ሁሉ ጆይስ በአንድ ቦታ ሰብስቦ አይነግርዎትም፤ እዚህ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ እዚያ አንድ ቃል እያለ ነው የሚገነባው።

ቀጥለው ስድስተኛውን፣ የቀብሩን ምዕራፍ ያንብቡ። አራት ሰዎች በሠረገላ ወደ ግላስኔቪን መቃብር ሲሄዱ ወሬ ይነሳል። አንዱ ራሱን የገደለ ሰው ለቤተሰቡ ከሁሉ የከፋ ውርደት ነው ይላል። የብሉም አባት ራሱን እንደገደለ አላወቀም። የሚያውቀው ማርቲን ከኒንግሃም ፈጥኖ በደግ ዓይን ማየት ይገባል ብሎ ወሬውን ሊያለሳልስ ይሞክራል። ብሉም አፉን ሊከፍት ብሎ ይዘጋዋል፤ በልቡ ከኒንግሃምን ያመሰግነዋል። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ሠረገላ ውስጥ ያለው ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል። ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ አለ። በመጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ጯሂ አገር ወዳድ ብሉምን አገርህ የት ነው ብሎ ያፋጥጠዋል። ብሉም አየርላንድ፣ እዚህ ነው የተወለድኩት ይላል። ሰውየው ምራቁን ይተፋል። ብሉም ጉልበትና ጥላቻ ሕይወት አይደለም፣ ሕይወት የጥላቻ ተቃራኒ ነው ሲል ይስቁበታል፤ በመጨረሻም የብስኩት ቆርቆሮ ይወረወርበታል። ጆይስ ይህን ሲጽፍ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። ትሪየስትን በጦርነቱ ምክንያት ለቆ ዙሪክ ተሰዶ ነበር።

ታላቅ ነው ወይስ ስሙ ነው ላሉት፣ መልሴ በእነዚህ ገጾች ላይ የቆመ ነው። ከጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር «ኦዲሲ» ጋር በየምዕራፉ ማመሳሰሉ፣ በየምዕራፉ ስልት መቀየሩ ሐያስያንን ለመቶ ዓመት ሥራ አስይዟቸዋል። እኔ ግን መጽሐፉን የማከብረው አንድ ተራ፣ ደግ፣ የተጎዳ ሰው ከጠዋት እስከ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ስለታየበት ነው። ሁሉም ክፍሉ እኩል ጥሩ ነው አልልም። አሥራ አራተኛው ምዕራፍ በአንዲት ሴት ምጥ ዙሪያ የእንግሊዝኛን የስድ ጽሑፍ ስልቶች ከጥንት ጀምሮ እያስመሰለ ይሄዳል፤ ችሎታው ይገርማል፣ ሰዎቹ ግን ከሥሩ ይጠፋሉ። ይዝለሉት፤ ምንም አይጎድልብዎትም። የመጨረሻውን፣ የሞሊ ብሉምን ምዕራፍ ግን አይዝለሉ። በስምንት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች፣ ያለ ሥርዓተ ነጥብ ማለት ይቻላል፣ አልጋ ላይ ሆና የምታስበው ነው፤ የኖራ ደብዳቤዎችም ነጥብ አልነበራቸውም። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ነጥቡ የት እንዳለ ጆሮዎ ይነግርዎታል።

በጥንቃቄ መሥራቱንም ማወቅ ይጠቅማል። ዙሪክ ውስጥ ወዳጁ የነበረው ሠዓሊ ፍራንክ በጀን እንደጻፈው፣ ጆይስ አንድ ቀን ሙሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ሲሠራ መዋሉን ነግሮታል። ቃሉ ጠፍቶህ ነው ወይ ቢለው ቃላቱስ አሉ፣ የምፈልገው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ልክ የሚሆነውን ቅደም ተከተላቸውን ነው አለው።

የ«ዩሊሲስ»ን ሕትመት ባጭሩ ልለፈው። ከ1918 ጀምሮ በአሜሪካ «ሊትል ሪቪው» መጽሔት በክፍል በክፍል ሲወጣ ነውር ነው ተብሎ ተከሰሰ። በ1921 ሁለቱ ሴት አዘጋጆች፣ ማርጋሬት አንደርሰንና ጄን ሂፕ፣ እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ተቀጡ። አሳታሚ ሲጠፋ ፓሪስ ውስጥ ትንሽ የመጻሕፍት መደብር የነበራት አሜሪካዊቷ ሲልቪያ ቢች እኔ አሳትመዋለሁ አለች። ዲዦን ከተማ ታትሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጂዎች በባቡር የደረሱት ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922፣ ጆይስ አርባ ዓመት በሞላው ቀን ነው። የመጀመሪያው እትም 1000 ቅጂ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ዳኛ ጆን ዉልዚ በዲሴምበር 1933 ነውር አይደለም ብለው ከፈረዱ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ከባድ ነበሩ። ዓይኑ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሊታወር ደርሶ ነበር፤ ዳንሰኛ የነበረችው ልጁ ሉቺያ በአእምሮ ሕመም ተያዘች፤ እሱም የሐኪሞቹን ተስፋ መቁረጥ አልቀበል ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዟት ዞረ። በዚሁ መሃል 17 ዓመት የፈጀበትን «ፊኒጋንስ ዌክ» ጻፈ፤ በ1939 ወጣ። የእንቅልፍ መጽሐፍ ነው፤ የብዙ አገር ቋንቋ ተቀላቅሎበታል፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ተቆርጦ ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። ለመጀመር አይሞክሩት። ጆይስ ራሱ በ1929 ከወንዙ ምዕራፍ ጥቂት ገጽ በድምፁ ቀድቶ አስቀርቷል፤ በኢንተርኔት ይገኛል። ሁለት ልብስ አጣቢ ሴቶች በወንዝ ዳር ሆነው ሰው ያማሉ፤ ሳይገባዎም ይሰሙታል። ናዚዎች ፈረንሳይን ከያዙ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ በ1940 መጨረሻ እንደገና ዙሪክ ገባ፤ ጃንዋሪ 13 ቀን 1941 በተቀደደ የአንጀት ቁስል ሞተ። የተቀበረውም እዚያው ፍሉንተርን መቃብር ነው።

የቀረው ጥያቄዎ ለምን ስለዚያችው ከተማ ብቻ ጻፈ የሚለው ነው። ለወዳጁ ለአርተር ፓወር የሰጠው መልስ አለ፤ የደብሊን ልብ ውስጥ ከገባሁ የዓለምን ከተሞች ሁሉ ልብ እደርሳለሁ ብሎታል። እውነት ነው፤ ግን ያ መልስ ብቻውን አይበቃኝም። በ1921 ከፓሪስ ለአጎቱ ሚስት ለጆሴፊን የላከው ደብዳቤ የበለጠ ይነግረኛል። ኤክልስ ጎዳና ቁጥር 7 ያለውን አጥር አንድ ተራ ሰው ተሻግሮ፣ ተንጠልጥሎ፣ ሳይጎዳ ወደ ታች መውረድ ይችል እንደሆነ አይተሽ ጻፊልኝ ይላታል። ብሉም ቁልፉን ረስቶ በሌሊት የሚገባው በዚያ በኩል ነውና። መጽሐፉ ሊታተም ሦስት ወር ቀርቶት ነው ይህን የሚጠይቀው። ደብሊን ቢኖር ኖሮ በየቀኑ ያልፍበት ነበር፤ ምናልባትም ትዝ አይለውም ነበር። ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው ስለ ሰፈሩ ጥቃቅን ነገር ዘመድ ሲጠይቅ ሰምተው ከሆነ ይህ ደብዳቤ ያስታውስዎታል። ደብሊን ሳለም ያሰበውን እንዲጽፍ አልተፈቀደለትም ነበር፤ አታሚው መጽሐፉን ሲያጠፋበት ይህን በዓይኑ አይቷል። ርቀቱ ነጻነት ሰጠው፤ ያ ነጻነት ከተማዋን እስከ አጥሯ ቁመት ድረስ የማስታወስ ዕዳ ጫነበት።

ለማንበብ ሲነሱ መጻሕፍቱን መግዛት ግድ አይደለም፤ በአውሮፓ የቅጂ መብታቸው በ2011 መጨረሻ ስላበቃ በነጻ ይገኛሉ። በመጀመሪያ ንባብ ማብራሪያ መጽሐፍ አጠገብዎ አያድርጉ፤ በየመስመሩ እያስቆመዎ ሰዎቹን ያስጠፋዎታል። ከ«የደብሊን ሰዎች» የፋሪንግተንን፣ የቦብ ዶራንን የጋብቻ ወጥመድና «ሙታን»ን ያንብቡ። ከዚያ «የከያኒው ምስል»ን ሙሉውን። ከዚያ «ዩሊሲስ»ን ከአራተኛው ጀምረው እስከ አሥራ ሁለተኛው ይዝለቁ፤ ብሉም በመጠጥ ቤቱ ሲፋጠጥ ምንም ካልተሰማዎት መጽሐፉን ያለ ምንም ሐፍረት ይዝጉት። ከተሰማዎት ግን ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ይመለሱ፤ ስቲቨን እዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ ስለ ማን እያሰበ እንደሚሄድ አሁን ያውቃሉ።